ለትራክ የተስተካከለች ሞተር

ሰውነቴ ሞተር ሳይክል ላይ ሲያርፍ ስንት ሴንቲ ሜትር ወደ ታች እንደሚያሰምጣት ማወቅ እንዳለብኝ፣ አግብቼ፣ ልጅ ወልጄ፣ ፀጉሬ መሸሽ እስኪጀምር ድረስ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ዘመዶቼ ምክር አይሰስቱም። ስለ ደም ግፊት መክረውኛል፤ ስለ ኮንዶሚኒየም መክረውኛል፤ ጨው እንድቀንስና ከጎረቤት ጋር እንዳልጣላ መክረውኛል። ስለ መስመጥ ግን አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። በመጨረሻ የነገረኝ የሚስቴ ታናሽ ወንድም ማስረሻ ነው፤ ባይነግረኝ ኖሮ ምን እሆን እንደ ነበር አሁንም አስባለሁ። ምንም አልሆንም ነበር።

ሥራዬ ኢንሹራንስ ቤት ነው። የተጋጩ መኪኖችን እየዞርኩ አያለሁ፤ ጉዳታቸውን እገምታለሁ። ቀኑን ሙሉ የተጨማደደ ላሜራ ሳይ ውዬ፣ ሲግናል ሰፈር ወዳለው ቤቴ የምመለሰው በሞተር ሳይክል ነው። ባለቤቴ ሰላማዊት ይህን ነገር የሳንባ ሐኪም ሆኖ ሲጋራ ከማጨስ ለይታ አታየውም። እኔ ግን እሑድ እሑድ በፈረንሳይ ሰፈር በኩል እንጦጦ ወጥቼ፣ ባሕር ዛፉን አሽትቼ ካልተመለስኩ ሳምንቱ አይጀምርልኝም። እዚያ ላይ የሚገናኙ እንደኔ ያሉ ሞተረኞች አሉ። ግማሾቻችን ወገባችንን፣ ግማሾቻችን ጉልበታችንን ያመናል፤ ስለ ፍጥነት ስናወራ ግን ለሚሰማን ሰው የሃያ ዓመት ጎረምሶች ነን።

አንድ እሑድ ከመካከላችን አንዷ፣ ሩት የምትባል ጎበዝ ነጂ፣ «ትራክ ልንነዳ ነው» አለች። ትራክ ማለት፣ ለማያውቅ ሰው፣ የትም የማያደርስ መንገድ ማለት ነው። ዞረህ፣ ዞረህ፣ ዞረህ ከተነሣህበት ቦታ ትመጣለህ። ይህን በየቀኑ መገናኛ ላይ የማደርገው ቢሆንም፣ እዚያ በፍጥነት ነው መባሉ ልቤን ነካው። ከሲ.ኤም.ሲ ወዲያ ሜዳ ተገኝቷል፤ እሑድ ከሰዓት ነው፤ ስሜን አስመዘገብኩ።

ቤት ገብቼ ለማስረሻ ነገርኩት። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው።

ማስረሻ ከእኛ ጋር ነው የሚኖረው። ኮምፒውተር ተምሯል። ሞተር አይነዳም፤ ብስክሌትም ቢሆን ስለመንዳቱ ማስረጃ የለኝም። ነገር ግን ስልኩ ላይ የማያየው ቪዲዮ የለም፤ ካየ ደግሞ አወቀ ማለት ነው። በዚያ ሰሞን ሕይወት የምትባል የእንጦጦ ልጅ ሊያገባ፣ ለአባቷ ሽማግሌ ሊልክ ቀን ተቆርጦ፣ እንቅልፍ አጥቶ ነበር። አባትየው አጣና ነጋዴ ናቸው፤ የታላቅ እኅቷን ሽማግሌዎች ደጋግመው አመላልሰዋል ተብሎ ተወርቷል። ማስረሻ ጭንቀቱን የሚያራግፍበት ነገር ፈልጎ ቤቱን ሲዞር ሞተሬን አገኘ።

«ጋሼ፣ ሳስፔንሽንህን አስተካክለሃል?» አለኝ።

«ምን ሆነ?»

«ከፋብሪካ እንደ ወጣ ነው እንዴ ያለው?»

«ከፋብሪካ እንደ ወጣ መሆኑ ጥሩ አይደለም?»

«ፋብሪካው አንተን ያውቅሃል?»

«አያውቀኝም።»

«በቃ!» አለ፣ ክርክሩን እንደ ጨረሰ ጠበቃ እጁን ዘርግቶ።

ሳስፔንሽን የሚባለው በጎማውና በወንበሩ መካከል ያለው ሞላና ዘይት ነው። መንገዱ ሲመታህ የዱላውን ግማሽ እሱ ይቀበልልሃል። ማስረሻ እንዳስረዳኝ ከሆነ፣ እኔ ስቀመጥበት ትንሽ መስመጥ አለበት፤ በጣም ከሰመጠ ትራክ ላይ እንደ ጀልባ እወዛወዛለሁ፤ ምንም ካልሰመጠ ደግሞ እንደ ኳስ እነጥራለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ክብደቴ ይታወቅ፤ እሱም ከነሙሉ ትጥቄ።

ከጓደኛዬ የተዋስኩትን የቆዳ ቱታ ለበስኩ። ጓደኛዬ ከእኔ ቀጭን ነው፤ ይህን ቱታው ወዲያው አስታወቀኝ። ሄልሜት አደረግሁ፤ ጓንት አጠለቅሁ። ከዚያ ሲግናል የእግረኛ መንገድ ላይ ሚዛን ዘርግታ ወደ ተቀመጠች ሴትዮ በማስረሻ መሪነት ሄድኩ። በእኩለ ቀን። በፀሐይ።

«ጫማህን አውልቀህ ውጣ» አለችኝ።

«ከነጫማዬ ነው» አልኳት ከሄልሜቱ ውስጥ።

«ኧረ ባርኔጣህንስ!»

«ከነሱ ነው የምፈልገው።»

ሴትዮዋ ወደ ማስረሻ ዞረች። «ወንድም፣ ሰው ትንሽ እንዲወጣለት ነው የሚመዘነው፤ ይኼ እንዲበዛለት ነው እንዴ የሚፈልገው?»

ሰው ተሰበሰበ። አንዱ «ፊልም እየቀረጹ ነው» አለ፤ ሌላው ካሜራውን ፈለገ። አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት «ምስኪን፣ ምን አስለብሰውት ነው» ብለው ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። ቁጥሩን ሳየው ደነገጥኩ፤ ማስረሻ ግን እሰይ አለ። በእርሱ ስሌት፣ ከባድ በሆንኩ ቁጥር ሞላውን የማጥበቅ ሥልጣኑ ይሰፋል።

ቅዳሜ ግቢያችን ውስጥ ልኬቱ ተጀመረ። እኔ ከነቱታዬ ሞተሯ ላይ ተቀምጬ እግሬን ከመሬት አነሣሁ። ማስረሻ መሪውን ደግፎ ያዘ። ሰላማዊት የልብስ ሰፊ ሜትር ይዛ ከኋላ ተንበረከከች፤ ያገባችኝ ቀን እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብላ እንዳልጠበቀች ፊቷ ላይ ይነበባል።

«ከጎማው መሐል እስከ ወንበሩ ጫፍ ለኪው» ይላታል ማስረሻ።

«የቱ ነው መሐሉ? አንተ ደግሞ አትተንፍስ! በተነፈስክ ቁጥር ሜትሩ ይሄዳል።»

የቤቱ ባለቤት እትዬ ዘነበች በረንዳቸው ላይ ሆነው ምስር ይለቅማሉ። «ሰላሜ፣ ምን ልታሰፊለት ነው?» አሉ።

«ልብስ አይደለም እትዬ፤ ስንት እንደሚሰምጥ ነው የምንለካው።»

«እሱማ ካገባሽው ጀምሮ እየሰመጠ ነው» ብለው ወደ ምስራቸው ተመለሱ።

ውጤቱ ማስረሻ እንደ ፈራው ሆነ፤ ከመጠን በላይ እሰምጣለሁ። ስለዚህ ሞላው ይጥበቅ ተባለ። ለዚህ የሚሆን ልዩ ቁልፍ አለ አሉ፤ እኛ ግን ካቻቢቴና መዶሻ ነበረን። ማስረሻ የሞላውን ቀለበት በካቻቢቴው ጫፍ እየደገፈ፣ በመዶሻ እየመታ፣ መሄጃ እስኪያጣ ድረስ አዞረው። ቀጥሎ ወደ ዘይቱ ሄደ። የዘይቱን አካሄድ የምትቆጣጠር ትንሽዬ ብሎን አለች፤ በዞረች ቁጥር «ቀጭ» ትላለች። ስንት ቀጭ እንደሚያስፈልግ ቪዲዮው ላይ ተነግሯል። ማስረሻ ጆሮውን ለጥፎ መቁጠር ሲጀምር ሕይወት ደወለች። «የኔ ቆንጆ፣ ቀጭ ላይ ነኝ» አላት። ምን እንደ ገባት እግዜር ይወቅ። ስልኩን ሲዘጋ ቁጥሩ ጠፍቶበታል። እንደገና ጀመረ፤ እንደገና ደወለች። በመጨረሻ መቁጠሩን ተወና ብሎኗ አልዞርም እስክትል ድረስ አዞራት።

«ከዚህ በላይ ትራክ የለም» አለ ላቡን እየጠረገ።

ወንበሩን በሁለት እጄ ተጫንኩት። ግድግዳ የገፋሁ መሰለኝ።

«ተበላሸ እንዴ?» አለች ሰላማዊት።

«ተስተካከለ» አለ ማስረሻ።

የቀረው ጎማው ነበር። ጎማ ትራክ ላይ ሲሮጥ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ይጨምራል፤ ስለዚህ ገና ሳይሞቅ ቀነስ ማድረግ ነው። ይህ እስከዚህ ድረስ እውነት መሆኑን በኋላም አረጋግጫለሁ። ችግሩ ይህን ለሰፈራችን ጎሚስታ ማስረዳቱ ነው። ሰውየው ሲያዩት በራሱ የሚተማመን፣ የጎማን ጤንነት በርግጫ የሚመረምር ሰው ነው።

«አየር እንድትቀንስልን ነበር» አለው ማስረሻ።

«እንድሞላ ነው የምትሉት።»

«አይ፣ እንድትቀንስ። ሰላሳ ላይ እንድታቆምልን።»

«ሰላሳ?» ጎሚስታው የአየር መለኪያውን ደረቱ ላይ አስጠግቶ ያዘ። «ሁለት ነው ሦስት ነው የሚባለው! ሰላሳ ብሞላው ይኼ ሰፈር ይተርፋል?»

ለካ መለኪያቸው ለየቅል ነው፤ የአንዱ በአንድ ዓይነት ቁጥር፣ የሌላው በሌላ። ማስረሻ ስልኩን አውጥቶ ሊያሰላ ሲል ጎሚስታው «እኔን ስልክ አያስተምረኝም» ብሎ ጎማውን ረገጠውና አየሩን ለቀቀው። ፉጨቱን ሦስታችንም አንገታችንን ዘንበል አድርገን አዳመጥን። ትንሽ ቆይቶ «ይበቃዋል» አለ ጎሚስታው። «ይበቃዋል» አለ ማስረሻም። በምን እንደ ለኩት አልጠየቅኩም፤ የተስማሙበት ብቸኛው ነገር ስለ ነበር ማደፍረስ አልፈለግሁም።

እሑድ ጠዋት ሽምግልና፣ ከሰዓት ትራክ። ፕሮግራሜ ይህ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነን። መሪው የማስረሻ አጎት ጋሽ ተሰማ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ቀበና የሚኖሩ፣ ደልደል ያሉ፣ ንግግር ሲጀምሩ ተማሪዎቻቸው ደወሉን እንደ ስጦታ ይጠብቁት የነበሩ ሰው። ሁለተኛው እዚያው እንጦጦ የሚኖሩት መምሬ ታደሰ ናቸው። ሦስተኛው ቁጥር ለማሟላት የተጨመርኩት እኔ ነኝ። ከሽምግልናው በቀጥታ ወደ ትራኩ ስለምሄድ የቆዳ ቱታዬን ለብሼ፣ ከላዩ ጋቢ ጣል አደረግሁበት። ሰላማዊት አይታኝ ቱታው እንዳይታይ ጋቢውን ወደ ታች ሳበችው።

ልንነሣ ስንል ስልክ ተደወለ፤ ጋሽ ተሰማ ናቸው። የኮንትራት መኪናው መጥቶላቸዋል፤ ነገር ግን መንገዱ ከቤታቸው ከፍ ብሎ ተቆፍሮ ተዘግቷል፤ ሹፌሩ አላልፍም ብሎ ትቷቸው ሄዷል። አባትየው ደግሞ ከቅዳሴ መልስ ትንሽ ጠብቀውን ወደ ለቅሶ እንደሚሄዱ አስቀድመው ነግረዋል።

«በእግሬ እንጦጦ የምወጣበት ዘመን አልፏል» አሉ። «ቀኑ ከተሰረዘ ደግሞ የልጅቷ አባት በላቸው ሌላ ቀን የሚሰጥ ሰው አይደለም።»

ማስረሻ አየኝ። ከዚያ ሞተሯን አየ። ፊቱ ሲገረጣ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ምን እንዳደረጋት ከሁላችንም በላይ ያውቃል።

«ጋሼ… ቀስ ብለህ ትነዳለህ አይደል?»

«መልሰን እናላላው?»

«ጊዜ የለም» አለ። ድምፁ የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ነበር።

ቀበና ስደርስ ጋሽ ተሰማ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ነጭ ጋቢ ደርበው፣ ከዘራ ይዘው ቆመዋል። ሄልሜቱን አደረጉ፤ ባርኔጣቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡ፤ በሁለተኛው ሙከራ ተፈናጠጡ። ሞተሯ ለእርሳቸውም አልሰመጠችም። ለማንም አትሰምጥም።

ቁፋሮውን በጠርዙ አለፍነውና ኮብልስቶኑ ላይ ወጣን። ኮብልስቶንን ሁልጊዜ አንድ መንገድ አድርጌ ነበር የማየው። በዚያ ቀን ግን እያንዳንዱ ድንጋይ ራሱን ችሎ ተዋወቀኝ። ከላይ ሞተሯ ድንጋይ ናት፤ ከታች ጎማዎቹ ሊጥ ናቸው፤ መዞሪያ ላይ ወደ ግራ ሳዘነብላት ትንሽ ታስብና ነው የምትከተለኝ። ጋሽ ተሰማ ከኋላዬ የመክፈቻ ንግግራቸውን ይለማመዱ ነበር።

«የተ-ከ-በ-ሩ አ-ቶ በ-ላ-ቸ-ው… ል-ጄ!»

«አቤት ጋሼ!»

«ይኼ ነ-ገር ሞ-ላ የ-ለ-ው-ም?»

«አለው ጋሼ፤ ለትራክ ተስተካክሎ ነው!»

«ለጭነት መ-ኪ-ና?»

«አይ፣ ለ…» ብዬ ልገልጽ ስል ጉብታ መጣ። ከጉብታው ወዲያ ማዶ ስናርፍ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ሞተሯ መስሎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ንግግሩ ቆመ። ጋሽ ተሰማ ጀርባዬ ላይ ተደፉ። እኔም ተመስጠው ነው ብዬ ዳገቱን ገፋሁት።

በሩ ላይ መምሬ ታደሰ እየጠበቁን ነበር። ሞተሯን አቆምኩ። ጋሽ ተሰማ እንደ ምንም ወረዱ፤ ከወረዱ በኋላም ግን አቀማመጣቸው አልተለወጠም። ወገባቸው ታጥፎ፣ ዓይናቸው መሬቱ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ደርሰናል፤ ቀና ይበሉ» አልኳቸው።

«ቀና ብያለሁ» አሉኝ።

መምሬ ታደሰ አንዴ እርሳቸውን፣ አንዴ እኔን አዩ። «ምን አድርገህ ነው ያመጣሃቸው?» አሉኝ። መልስ ከመስጠቴ በፊት በሩ ተከፈተና ግቡ ተባልን።

ሳሎኑ በሰው ተሞልቷል። አቶ በላቸው ትከሻቸው የሰፋ፣ ፊታቸው የተዘጋ ሰው ናቸው፤ ክንዳቸውን አጣምረው ተቀምጠው ነበር። «ዛሬ ሂዱ፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» የሚለው መልስ ገና ሳንናገር አፋቸው ላይ ተዘጋጅቶ ይታያል። ከዚያ ጋሽ ተሰማ ገቡ። ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ግንባራቸው ጉልበታቸውን ሊነካ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ አጎንብሰው፣ አንድ አንድ እርምጃ እየተራመዱ ገቡ።

አቶ በላቸው ብድግ አሉ። «ኧረ! ኧረ አባቴ፣ ምነው! ቀና ይበሉ እንጂ!»

«አ…ልችልም» አሉ ጋሽ ተሰማ ወደ ምንጣፉ።

«ኧረ በፈጠረዎ ይቀመጡ!»

«አልቀመጥም።»

ይህ እውነተኛ መልስ ነበር። መቀመጥ ማለት ወገብን ማንቀሳቀስ ነው። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ግን የሰሙት ሌላ ነው፤ ሽማግሌ የመጣበትን ሳያገኝ አልቀመጥም ማለቱ የታወቀ ነው። እንዲህ ተጎንብሶ ያለ ግን የለም። ከጋሽ ተሰማ አፍንጫ ጫፍ አንድ እንባ ጠብ ሲል አየሁ። አቶ በላቸውም አዩት።

እኔ እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። መምሬ ታደሰ በመስቀላቸው ጎኔን ጎሸም አደረጉኝ፤ የቱታዬ ቆዳ ሲጥ አለ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ልጅዎን ለልጃችን እሺ ካላሉን፣ ይኸው እንደሚያዩት ነው፤ ቀና አይሉም» አሉ። አንድም ቃል ውሸት የለበትም። እሺ ቢሉም ቀና እንደማይሉ ግን አልጨመሩም።

«እኔ ማን ነኝ?» አሉ አቶ በላቸው፤ ድምፃቸው ተሰብሯል። «አባቴን የሚያህል ሰው ከፊቴ እንዲህ የሚሆንልኝ እኔ ማን ነኝ? ሰጥቻለሁ! ልጄን ሰጥቻለሁ! አሁን ቀና ይበሉ!»

ከጓዳ እልልታው ቀለጠ። ሕይወት በበሩ ሽንቁር ስታለቅስ አየኋት። እልልታው ሲበርድ ሁሉም ጋሽ ተሰማን ያይ ጀመር። ጋሽ ተሰማ እዚያው ናቸው።

«ቀና ይበሉ እንጂ» አሉ አቶ በላቸው በልስላሴ።

«ደስታው…» አሉ ጋሽ ተሰማ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ «ደስታው ከብዶኝ ነው። ትንሽ እንዲሁ ልቆይ።»

«እንዲህ ያለ ትሕትና በዕድሜዬ አላየሁም» አሉ አቶ በላቸውና ዓይናቸውን ጠረጉ።

ከጎረቤት ወጌሻ ተጠርቶ ጋሽ ተሰማን በመጠኑ አቃናቸው። የወረዱት በእኔ ሞተር አይደለም። በአቶ በላቸው የጭነት መኪና፣ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጠው ነው፤ አጣና የሚጫንበት መኪና ከእኔዋ ይልቅ እንደሚለሰልስ ለማስረሻ ነግረውታል። ለእኔ አልተናገሩኝም፤ ለእኔ ዓይናቸውን ብቻ አሳዩኝ።

ትራኩስ? ደርሻለሁ። ትራክ የተባለው የመንጃ ፈቃድ ተማሪዎች ወደኋላ ማቆም የሚለማመዱበት ሜዳ ሆኖ ተገኘ፤ ሦስተኛ ማርሽ ሳስገባ አጥሩ ይመጣል። ሩት ወንበሬን ተጫነችና እጇን አራገበች።

«ማን ነው የዘጋው?»

«የሚስቴ ወንድም።»

«ቀጩ የሚቆጠረው ጥርቅም አድርገህ ከዘጋህ በኋላ፣ ወደ መክፈት ነው» አለችኝ። «እናንተ ዘግታችሁ ትታችሁታል። በዚህ ከሲግናል ድረስ መጣህ?»

«በእንጦጦ በኩል» አልኳት። ጥቂት ዞርኩ። ጎማዬ ምንም ሳይሞቅ፣ እኔ ብቻ በላብ ተጠምቄ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ማስረሻ በደስታ ሰክሮ ካቻቢቴውን ረሳው። እኔም ዛሬ ነገ ስል፣ እየነጠርኩ ሥራ ስመላለስ ሳምንታት ሄዱ። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ የሥራ ቱታ ለብሼ፣ ሞላዋን ላላላ ከሞተሯ ሥር እንደ ተጋደምኩ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ተሰማ ናቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ደውለውልኝ አያውቁም።

«ባለፈው እሑድ ለሌላ ዘመድ ሽምግልና ሲ.ኤም.ሲ ሄጄ ነበር» አሉኝ ሰላምታ ሳያስቀድሙ። «በጥሩ መኪና ነው የወሰዱኝ፤ ወንበሩ ሶፋ ነው። ቀጥ ብዬ ገባሁ፤ ያማረ ንግግር አደረግሁ። ከቤተሰብ ጋር እንመካከር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ ብለው ሸኙኝ።»

«አይዞዎት ጋሼ፤ እንዲሁ ነው ልማዱ።»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያቺ ሞተርህ… ነካክተሃታል?»

«አሁን ላላላት ነው ጋሼ።»

«እንዳትነካት! ነገ ጠዋት ተመልሰን እንሄዳለን።»

«ወገብዎስ?»

«ወገብ ይድናል። የሰው ትዳር ነው የያዝነው» አሉ፤ ሊዘጉ ሲሉም ቆም ብለው፣ «የፊተኛውን ጎማ ግን ትንሽ አስነፋው። መዞሪያ ላይ ታወላውላለች።»